የማዕበሉ አብሳሪ

ዐውሎ ነፋስ ሲነሣ ከማዕበሉ ጋር እየታገሉ የሚበሩ የባሕር ወፎች አሉ። የጥንት መርከበኞች ማዕበሉን የሚጠሩት እነርሱ ናቸው ብለው ይፈሯቸው ነበር። በሩስያ ቋንቋ ግን ስማቸው የማዕበል አብሳሪ ማለት ነው። ዛሬ የምናወሳው ይህን ወፍ የትግል ምልክት ያደረገውን ደራሲ ማክሲም ጎርኪን ነው።

አሌክሴይ ፔሽኮፍ እ.ኤ.አ. በ1868 በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ተወለደ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ በቮልጋ መርከብ ላይ ሳሕን አጣቢ፣ በካዛን ደግሞ ዳቦ ጋጋሪ ሆነ። በብዕር ስሙ ጎርኪ፣ ማለትም መራራ፣ ተባለ።

በ1901 የዛሩ ኃይሎች በሴንት ፒተርስበርግ ሰልፈኞችን ከደበደቡ በኋላ ስለ ወፉ የጻፈው ታተመ። ሳንሱሩ አሳለፈው፤ ጭቁኑ አንባቢ ግን ማዕበሉ አብዮት መሆኑን አልሳተም። በዚያው ዓመት ደራሲው ታሰረ፤ መጽሔቱም ተዘጋ። ከአራት ዓመት በኋላ ማዕበሉ በእርግጥ ተነሣ።

ከ1917ቱ አብዮት በኋላም የአዲሱን መንግሥት ጭካኔ ነቀፈ፤ ጋዜጣው በ1918 ተዘጋ። ሆኖም በ1934 እስረኞች በግዳጅ የቆፈሩትን የነጭ ባሕር ቦይ የሚያወድስ መጽሐፍ ከአዘጋጆቹ አንዱ ሆነ። በ1936 ዐረፈ።

እንግዲህ ከሕይወቱ ሁለት ትምህርት እንቀስማለን። ማዕበሉን የሚወልደው ግፍ እንጂ አብሳሪው አይደለም። አብሳሪም የሚመዘነው በጠላቱ ፊት በመጮኹ ብቻ ሳይሆን በወዳጁ ፊት ዝም ባለማለቱ ጭምር ነው።