ቀላድ፣ ጋሻ፣ ሲሶ፦ የመለኪያ ቃላት በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሕይወትና ዘመን

የመለኪያ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጩት ከሰው አካልና ከዕለት ሥራው ነው። የአማርኛው ስንዝርና ክንድ፣ የእንግሊዝኛውም ፉት የአካል ክፍሎች ስሞች ናቸው። የሰሜን ሸዋ ገበሬ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰውን መሬት ጥማድ ይለዋል፤ የእንግሊዝኛው ኤከርም በመካከለኛው ዘመን የተሰላው በተመሳሳይ መንገድ ነበር። ለካዩ መንግሥት በሆነ ጊዜ ግን ቃሉ ከስፍር አልፎ የሰውን ማዕርግና ግዴታ መጥሪያ ይሆናል። የዳግማዊ አፄ ምኒልክ የሕይወት ታሪክ ይህን ለውጥ በግልጽ ያሳያል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው እጅጋየሁ ይባላሉ። የዘር ሐረጋቸው ከመንዝ ተነሥቶ የሸዋን ሥርወ መንግሥት እስከ መሠረተው እስከ ነጋሢ ክርስቶስ ይደርሳል። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ በዘመቱ ጊዜ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፤ ሕፃኑ ምኒልክም ተማርከው ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በሸዋ ነገሡ።

የአባቶቻቸው ምድር መንዝ፣ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በዚያም ሆነ በግሼና በመርሐቤቴ ዋነኛው የመሬት ሥሪት ርስት ነበር። ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ ያስረዳል። የክርክሩ መነሻ የመሬቱ ስፋት ሳይሆን የሰውዬው ዝምድና ነው፤ አጥንት መቁጠር የሚለው አነጋገርም ለባለርስቱ ሙግት እንጂ ዘይቤ ብቻ አልነበረም።

ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብ ባሰፉ ጊዜ ሌላ ስፍር ተከተለ። ቀላድ በመሠረቱ ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝም የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። በርሱ የተለካው መሬት የሚቆጠረው በጋሻ ሲሆን፣ አንድ ጋሻ በአማካይ 40 ሄክታር ገደማ ይሆናል። ስፋቱ እንደ መሬቱ ለምነት ይለያያል። ቀስ በቀስ ቀላድ የሚለው ቃል ከገመዱ ወደ መሬቱ ተሻግሮ ከርስት የተለየ የይዞታ ስም ሆነ። ከተለካው መሬት ሲሶው ለአካባቢው ባላባት እንዲቀር፣ የተረፈው ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ተደነገገ። በዚህም አንድ ሦስተኛን የሚያመለክተው ቃል የባላባትነት መለያ ሲሆን፣ ብዙው ገበሬ በገዛ ቀዬው ገባር ሆነ። አማርኛ ማስገበርንና መቅጣትን ልክ ማስገባት ማለቱ ለዚህ ዘመን ይስማማል።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ በክፉ ቀን መካከል ነበረች። የከብት ዕልቂት በሬውን ስለ ጨረሰው ጥማድ የሚለው ስፍር በብዙ ቦታ ትርጉም አጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር አርአያ እንደሆኑ ይተረካል። ከረኃቡ በኋላ አሥራት፣ ማለትም የምርት አንድ አሥረኛ፣ ለሠራዊቱ ቀለብ እንዲገባ አዘዙ። ዓላማው ወታደር በገበሬ ቤት እያደረ እንዳይበላ ነበር። የተወሰነ መጠን ካልተወሰነ ዘረፋ እንደሚሻል ግልጽ ነው፤ ሆኖም አሥራት በሌላው ግብር ላይ የተጨመረ ሸክምም ነበር።

በፓሪስ ተቀርጾ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት የምኒልክ ብር ክብደቱ ከማርያ ትሬዛ ብር ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ተሠራ። ክፋዮቹ በመጠናቸው አላድ፣ ሩብና ተሙን ተባሉ፤ እነርሱም ግማሽ፣ አንድ አራተኛና አንድ ስምንተኛ ማለት ናቸው። ይሁን እንጂ ገበያው የለመደውን ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ለረጅም ጊዜ አልተወም። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ያደረጉት ንጉሠ ነገሥት በነጋዴው ሚዛን ላይ ያላቸው ሥልጣን የተወሰነ ነበር።

ገመዱን ወደ ደቡብ የዘረጋው መንግሥት የንጉሡን የአባቶች ምድር በዚያው ስፍር አልለወጠም። ይህ ማለት መንዜው ከግብር ነፃ ነበር ማለት አይደለም፤ ርስቱም በየትውልዱ እየተከፋፈለ የማያቋርጥ ሙግት አትርፎለታል። ልዩነቱ ባለርስቱ የመብቱን ማስረጃ ራሱ ሲቆጥር፣ የቀላዱ ገባር በሌላ እጅ መለካቱ ነው።

አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። የተውት ስፍር ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ዘለቀ። የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ የአንድ ቤተሰብን ይዞታ ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ ገደማ፣ እንዳይበልጥ ሲወስን ጋሻና ሲሶ ከሕግ መለኪያነት ወጡ። በዚሁ ዐዋጅ የመንዝ ርስትም አብሮ ስለ ተሻረ፣ አጥንት ቆጣሪውና በቀላድ የተለካው ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ስፍር ሥር ዋሉ።