ሰባት ቶን ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ የአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ

በደቡብ ወሎ፣ በመቅደላ፣ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ ዛሬም አለ። በአምሳሉ የተሠራው ደግሞ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሞ በየዕለቱ ብዙ ሰው ያየዋል። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል እንደሆነና በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ እንደተሠራ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ብዙም የማይነገረው ሞተርም ጥርጊያ መንገድም ባልነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ ክብደት እንዴት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደልና ሸለቆ አቋርጦ፣ መቅደላ እንደደረሰ ነው። ታሪኩ የንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ግማሽ ዓመት ታሪክ ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከአካባቢው መሳፍንት ወገን ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። አባቱ ቀድመው በመሞታቸው እናቱ ተቸግረው እንደነበር ይነገራል። ካሳ ከነገሠ በኋላ እንኳ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። በልጅነቱ ለትምህርት ገዳም ገባ፤ ገዳሙ በጦረኞች ሲወረርና ተማሪዎቹ ሲጨፈጨፉ ካመለጡት ጥቂቶች አንዱ እርሱ ነበር። ኋላም በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት የጦር ሙያ ተማረ፤ ከዚያም ሸፍቶ በቋራ በረሃ የራሱን ጭፍራ አደራጀ።

በ1840 ዓ.ም. ካሳ ከጭፍራው ጋር ወደ ምዕራብ ወርዶ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ጀግንነት አልጎደለም፤ ነገር ግን ግብፆቹ በምሽግ ውስጥ ሆነው በመድፍ ተቀበሉት። ጎራዴና ጦር የያዘው የኢትዮጵያ ወታደር እንደ ቅጠል ረገፈ። ካሳ ከዚህ ሽንፈት የያዘው ትምህርት ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖረ፤ መድፍ የሌለው ንጉሥ አገሩን ከባዕድ ሊጠብቅ አይችልም የሚል እምነት በልቡ ተተከለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በአይሻል ደግሞ አማቱን ራስ አሊን ድል አደረገ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ፣ በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጫነ። ስመ መንግሥቱም ቴዎድሮስ ተባለ። ዘመነ መሳፍንት በዚህ አከተመ።

አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ በብዙ አቅጣጫ ለለውጥ ተነሡ። የተበታተነውን ጦር በአንድ ሥርዓት ሊያዋቅሩ፣ የባሪያ ንግድን ሊያስቀሩ፣ የቤተ ክህነትን ሰፊ ርስት ሊቀንሱ ሞከሩ። መንገድም አሠሩ፤ ሠራተኛው ሲደክም ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው አርአያ ይሆኑ ነበር። ለውጡ ግን ከወዳጅ ይልቅ ጠላት አበዛባቸው። የመጀመሪያ ባለቤታቸው ተዋበች አሊ ካረፉ፣ ታማኝ ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤልም ከተገደሉ በኋላ ቁጣቸው በረታ። በየአውራጃው ዐመፅ ሲነሣ ቅጣታቸው መረረ፤ ቅጣቱ በመረረ መጠንም ዐመፁ ሰፋ።

በዚህ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ባለሙያ እንዲላክላቸው ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. ደብዳቤ ጻፉ። መልስ ሳይመጣ ዘገየ፤ እርሳቸውም ይህን እንደ ንቀት ቆጥረው ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ኋላም እስረኞቹን እንዲያስፈታ የተላከው ራሳም ራሱ ታሰረ። ባለሙያ ከውጭ አልመጣ ሲል በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰፈሩትን ሚሲዮናውያን መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። እነ ቫልድማየር የመጡት ወንጌል ለማስተማርና የእጅ ሙያ ለማስለመድ ስለነበር መድፍ አፍስሰው አያውቁም። ንጉሡ ግን እንቢታን አልተቀበሉም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ከብዙ ድካም በኋላ በ1859 ዓ.ም. ትልቁ መድፍ ተሳካ። በክራይሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማ ስምም ሴባስቶፖል ተባለ።

ይሁንና መድፉ ሲያልቅ መንግሥቱ ጠቧል። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ትግራይ በካሳ ምርጫ እጅ ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ የቀረላቸው ሁነኛ ምሽግ መቅደላ ነው፤ እስረኞቹም ግምጃ ቤቱም ያሉት በዚያ ነው። ስለዚህ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ወታደሩን፣ ሴቱንና ሕፃኑን፣ የእጅ ባለሙያዎቹንና መድፎቹን ሁሉ ይዘው ተነሡ። ጉዞው ከዘመቻ ይልቅ የከተማ ስደት ይመስል ነበር።

መድፎቹ የተጫኑት በጋፋት በተሠሩ ጋሪዎች ላይ ነው። ሴባስቶፖልን ለመጎተት በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍርና በገመድ ይሰለፍ ነበር። ዛሬ ከጅዳ ወጣ ብሎ በአሸዋና በኮረት ላይ ተጎታች ቤት ከመኪናው ኋላ አስሮ የሚያሽከረክር ሰው እንደሚያውቀው፣ ከባድ ነገር ሽቅብ ከመሳብ ይልቅ ቁልቁል ይዞ ማውረድ ይብሳል። ሽቅብ ሲሆን ጉልበት ቢያጥር ጋሪው ይቆማል፤ ቁልቁል ሲሆን ግን ክብደቱ ራሱ ጎታቹን ይገፋዋል። በዚያን ጊዜ ፍሬን አልነበረም። ከኋላ ገመድ ይዞ ወደ ኋላ የሚያዘነብለው ሰው ነው ፍሬኑ። ገመዱ ቢበጠስ ከፊት ያለው ሁሉ ያልቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ለጋሪው መንገድ መሠራት ነበረበት። ሰውና በቅሎ የሚያልፍበት ቀጭን ዱካ ሰባት ቶን የተጫነበትን ጋሪ አያሳልፍም። ስለዚህ ሠራዊቱ በየቀኑ ከፊት እየሄደ ዐለት ይፈልጣል፣ ጉድባ ይሞላል፣ ዳገቱን እያዞረ ይጠርባል። ያልተበገረው ዐለት በባሩድ ይፈነዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ከማለዳ ጀምሮ ከሠራተኛው መካከል አይጠፉም፤ ድንጋይ በእጃቸው ያነሣሉ፣ የመንገዱን አቅጣጫ ራሳቸው ያወጣሉ። በዚህ ሁኔታ በአንድ ቀን የሚሄዱት መንገድ ጥቂት ነው፤ ምንም ሳይራመዱ የሚውሉበት ቀንም ነበር።

በጨጨሆ ዳገት ወደ ዋድላ ደጋ ወጡ። ከዚያ በኋላ የጅዳ ሸለቆ ተዘረጋ፤ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ጥልቀት ወደ አንድ ሺህ ሜትር ይጠጋል። መድፎቹ ያን ሁሉ ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ያንኑ ያህል ወደ ደላንታ ደጋ መውጣት ነበረባቸው። የጥርና የየካቲት ሳምንታት በዚህ ሥራ አለቁ። ከደላንታ ወዲያ ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ ይጠብቃል። እህል እያጠረ፣ ወታደሩ ሌሊት እየከዳ፣ በዙሪያው ያለው ገበሬ እየሸፈተ ሄደ። ቢሆንም ጋሪዎቹ አልቆሙም፤ በመጋቢት ወር ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ።

በእነዚሁ ወራት ሌላ ጦር ወደዚያው አምባ እየገሰገሰ ነበር። ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ ወረደ። ከባሕሩ ዳር ወደ ውስጥ ሐዲድ ዘረጋ፤ ከህንድ በመርከብ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ላይ መድፎቹን ጫነ። እስከ መቅደላ ያለው መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። በትግራይ ካሳ ምርጫ መንገድ ስለሰጡት፣ በሌላውም አገር የሚዋጋው ስላልነበረ፣ ስንቅ እየገዛ በሰላም አለፈ። ዋድላ ሲደርስ ደግሞ ያልጠበቀውን ነገር አገኘ፦ ለመድፍ ጋሪ ተብሎ የተጠረበ ሰፊ መንገድ። ናፒየር የጅዳን ሸለቆ የተሻገረው፣ ወደ በሽሎም የወረደው በዚሁ በአፄ ቴዎድሮስ መንገድ ነው። ንጉሡ በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ያቀኑት መንገድ ጠላታቸውን እስከ ደጃቸው አደረሰው።

በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ ጦርነቱ በአሮጌ ሜዳ ሆነ። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን እየመሩ ቁልቁል ወርደው በዚያው ወደቁ። ከፋላ አምባ የተተኮሱት መድፎች ከጠላት ራስ በላይ አለፉ፤ ከትልልቆቹም አንዱ ፈነዳ። ሴባስቶፖልም የተለፋበትን ያህል አልፈየደም። ከኢትዮጵያ ወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዝ ወገን የሞተው በጣት የሚቆጠር ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ከዚህ በኋላ እስረኞቹን ፈትተው ሰደዱ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ አምባው ሲወጣ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

እንግሊዞቹ መቅደላን አቃጥለው፣ ዘውዱን፣ ታቦታቱንና የብራና መጻሕፍቱን በዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወሰዱ። የንጉሡን ልጅ ልዑል ዓለማየሁንም ይዘውት ሄዱ፤ እርሱም በእንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ አረፈ። ሴባስቶፖልን ግን አልወሰዱትም።

አፄ ቴዎድሮስ በደባርቂ የተማሩት ትምህርት ስሕተት አልነበረም፤ ከ28 ዓመታት በኋላ በዐድዋ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር መድፍ ነበረው። የጎደለባቸው ያን መድፍ በፈቃዱ የሚጎትት ሕዝብ ነው። ደብረ ታቦርን አቃጥሎ የወጣ፣ ባላገሩን ያስቀየመ ሠራዊት ሰባት ቶን ብረት ገደል አሻግሮ ቢያደርስም፣ መድፉ አምባው ላይ ሲደርስ ከጎኑ የሚቆም ወገን አልነበረም። ናፒየርን እስከ መቅደላ ያደረሰው ይህ ባዶነት ጭምር ነው። መድፉ ግን ዛሬም በመቅደላ አለ፤ ያወጡት ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ ያወረደው የለም።