የፖዝናኑ ተማሪና የኤኒግማ ምስጢር

ከመደበኛው ትምህርታችን ላይ የማታ ትምህርት ቢጨመርብን፣ ያውም ለማንም የማይነገር ቢሆን፣ ከመካከላችን ስንቱ ይጸና ይሆን? በ1929 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በፖላንድ አገር፣ በፖዝናን ዩኒቨርሲቲ፣ ጀርመንኛ የሚያውቁ ሃያ ያህል የሒሳብ ተማሪዎች ተመረጡ። ምስጢር ላያወጡም ምለው የምስጢር ጽሕፈት አፈታት ይማሩ ጀመር። አስተማሪዎቹ ከዋርሶ የሚመጡ የጦር ሠራዊቱ ሰዎች ነበሩ። ትምህርቱ እየከበደ ሲሄድ ብዙዎቹ ተዉት። ከጸኑት አንዱ ማሪያን ረዬቭስኪ ነው።

ማሪያን በ1905 በቢድጎሽች ተወለደ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በጀርመን ግዛት ውስጥ ስለነበረች ቋንቋውን ያወቀው በልጅነቱ ነው። ተመርቆ እንደወጣ ለኢንሹራንስ ሥራ የሚሆን ስታትስቲክስ ሊማር ወደ ጎቲንገን ሄደ። በዚያው ቢገፋበት ኑሮው በተደላደለ ነበር። እርሱ ግን በ1930 ወደ ፖዝናን ተመልሶ ረዳት መምህር ሆነ፤ ከዚያም ሌላ በሳምንት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ያህል በአንድ ምድር ቤት ተቀምጦ፣ ከአየር የተጠለፉ የጀርመን መልእክቶችን ይፈታ ነበር። የትምህርት ጓደኞቹ ዚጋልስኪና ሩዢትስኪም አብረውት ነበሩ። ዛሬ ተማሪ የኮምፒዩተር መረብ ጥበቃን እንዲፈትሽ ለልምምድ ይላካል። የእነዚህም ሥራ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ የሚፈትሹት የባላጋራን አጥር መሆኑ ነው።

በ1932 ሦስቱም በዋርሶ ተቀጠሩ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አለቆቹ ማሪያንን ለብቻው አስቀምጠው፣ ለጓደኞቹ እንኳ ሳይነገር፣ ኤኒግማ የተባለውን የጀርመን መኪና ሰጡት። ኤኒግማ የጽሕፈት መኪና ይመስላል። አንድ ፊደል ሲነካ ኤሌክትሪኩ በሦስት ተሽከርካሪ ጎማዎች ውስጥ አልፎ የሌላ ፊደል መብራት ያበራል። ጎማው በየፊደሉ ስለሚዞር ያው ፊደል ደግሞ ሲነካ የሚበራው ሌላ ሊሆን ይችላል። ጀርመኖች ይህን ማንም አይፈታውም ብለው ተማምነው ነበር።

ጉዳቱ የመጣባቸው ግን ከደንባቸው ነው። ጸሐፊው ለእያንዳንዱ መልእክት ሦስት ፊደሎች ይመርጥና፣ በሬዲዮ ሲተላለፉ ስሕተት እንዳይገባ፣ ሁለት ጊዜ ይጽፋቸዋል። እንግዲህ አንደኛውና አራተኛው፣ ሁለተኛውና አምስተኛው፣ ሦስተኛውና ስድስተኛው ፊደል ከሥራቸው አንድ ናቸው ማለት ነው። ለጥንቃቄ የተደረገው ድግግሞሽ በሩን ከፈተው! ማሪያን የአንድ ቀን መልእክቶችን ሰብስቦ፣ ፊደሎቹ እንዴት እየተያያዙ ወደ መነሻቸው እንደሚመለሱ አየ። ከዚያም ፐርሙቴሽን በሚባለው የሒሳብ ክፍል ስሌቱን ጻፈ። (ከሒሳብ ሸሽተን አርትስ ፋኩልቲ የገባን እኛ እንኳ እስከዚህ ድረስ ተከትለነዋል።) አንድ ጀርመናዊ ለፈረንሣዮች የሸጠው ሰነድም ረዳው። እምቢ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከፊደል ገበታው ወደ ጎማዎቹ የሚገቡት ሽቦዎች አሰላለፍ ነው። ምናልባት በቀላሉ በኤ፣ ቢ፣ ሲ ተራ ቢሆንስ ብሎ ሞከረው፤ እውነትም እንዲያው ሆኖ ተገኘ። ዕድሜው 27 ነበር።

በሐምሌ 1939፣ ጦርነቱ ሊነሣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ፖላንዶች ያወቁትን ሁሉ በዋርሶ አጠገብ ለፈረንሣዮችና ለእንግሊዞች አስረከቡ። የአላን ቱሪንግና የጓደኞቹ ሥራ የቀጠለው ከዚያ ነው። ማሪያን ግን በሩማንያ በኩል ወደ ፈረንሣይ ተሰደደ። ሩዢትስኪ በ1942 መርከብ ሰምጦ ሞተ። በ1943 ማሪያንና ዚጋልስኪ የፒሬኔን ተራራ ሲሻገሩ መንገድ መሪያቸው ሽጉጥ አውጥቶ ገንዘባቸውን ቀማቸው፤ በስፔን አገርም ከሦስት ወር በላይ ታሰሩ። እንግሊዝ አገር ሲደርሱ የተሰጣቸው ሥራ በእጅ የሚጻፍ ተራ ምስጢር መፍታት ሆነ። ኤኒግማን የፈታው ሰው ከኤኒግማ እንዲርቅ መደረጉ እኛን እስከ ዛሬ ያስቆጨናል።

በ1946 ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ተመለሰ፤ በዓመቱ የዐሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጁ ሞተበት። በቢድጎሽች የሒሳብ መዝገብ ሠራተኛ ሆኖ ሲኖር የአገሩ የጸጥታ ፖሊስ ይከታተለው ነበር። ምስጢሩ ለዓለም የተገለጠው በ1973 አንድ ፈረንሣዊ መኮንን መጽሐፍ ሲያሳትም ነው። ማሪያን በየካቲት 1980 በዋርሶ ዐረፈ። ፖዝናን በ2007 ሦስት ገጽ ያለው የነሐስ ሐውልት አቆመችላቸው፤ በየገጹም የአንዱ ስም ተጽፎበታል።