አጥቂ የነበሩት አሠልጣኝ፦ ይድነቃቸው ተሰማ

ሁርሶ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው የወታደር ማሠልጠኛውን ነው። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ ፀሐዩ ሲበርድ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ልጆች አሸዋው ላይ ድንጋይ ለጎል አስቀምጠው ኳስ ይጫወታሉ። ሁሉም አጥቂ ነው። በረኛ የሚሆነው ወይ ትንሹ ነው ወይ ደግሞ ኳሷን ያበላሸው። አብዶ የሚሠራ፣ በግራም በቀኝም የሚመታ ልጅ ሞልቷል። ቆሞ የሚያያቸው፣ አንተ እዚህ ሁን፣ አንተ እዚያ ሩጥ የሚላቸው ሰው ግን አላየሁም። ግቢው ውስጥ ወታደር ሆኖ የተወለደ የለም፣ ሁሉም ሠልጥኖ ነው የሚወጣው። ታዲያ አጥቂ ተወልዶ ብቻ የሚገኝ ለምን ይመስለናል? ይህን ሳስብ ነው የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ታሪክ ትዝ ያለኝ።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በግጥምና በመሲንቆ የታወቁ፣ ድምፃቸውን ጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹ ሰው። ልጅየው አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ፋሽስቶቹ ነጭና ጥቁርን በሕግ የለዩበት ዘመን ነበርና ኳሱም ከዚያ አላመለጠም። በኋላ ዘመናቸው ስለ ዘር መድልዎ ሲነሣ አንድ እርምጃ እንኳ የማያፈገፍጉት ከዚህ የወጣትነት ትዝታ ተነሥተው ይመስለኛል።

በሜዳ ላይ አጥቂ ነበሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሃያ ሦስት ዓመት ያህል ተጫውተው በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳስቆጠሩ ነው የሚነገረው። በ1940 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን የመጀመሪያውን ጨዋታ ከያኔው የፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ ከዛሬዋ ጂቡቲ ጋር አድርጎ 5 ለ 0 ሲያሸንፍም ዘመኑ የእርሳቸው ነበር።

ዋናው ነገር የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች ሆነች። አቶ ይድነቃቸውም በዚያ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፣ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ደግሞ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፍን። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ገባብን፣ እኛ አንድም አላገባንም።

በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን አጨዋወት ፊት የሚሰለፈው ብዙ ሰው ነው፤ ሁለት ክንፍ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሦስት። ያ መሥመር እንዲያው በአንድ ክለብ የተሞላ አልነበረም። መንግሥቱ ወርቁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ናቸው፣ ያኔ ከሃያ ዓመት ብዙም ያላለፉ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ናቸው፤ በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ያገሬው ሰው ኮተን በሚለውም ተጫውተዋል። ወንድማቸው ኢታሎ፣ ግርማ ተክሌና ጌታቸው ወልዴም አሉበት። ችሎታው በየከተማውና በየፋብሪካው ተበትኖ ነበር ማለት ነው። የጎደለው ሰብስቦ አንድ መሥመር የሚያደርገው ሰው ነበር። ያንን ያደረጉት ደግሞ አጥቂ ኳስ መቼ እንደሚፈልግ ራሳቸው ሮጠው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ውጤቱ ምን ሆነ? ጥር 6 ቀን ቱኒዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ከሳምንት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን፣ የጥምቀት በዓል ሳይበርድ፣ ፍጻሜው ከግብፅ ጋር ሆነ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። በመጀመሪያ ግርማ፣ ቀጥሎ ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሉቻኖ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበሉ። በሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል፦ መንግሥቱ ሦስት፣ ግርማ ሁለት፣ ሉቻኖ ሁለት፣ ኢታሎ አንድ። ቡድኑ አንድ ሰው ላይ አልተንጠለጠለም። አንዱ ሲያዝ ሌላው ያገባል። ይህ በአጋጣሚ አይመጣም፣ የተሠራ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህም አቶ ይድነቃቸው በአመራሩ ቀጠሉ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ሆነዋል። አፓርታይድ እስካለ ድረስ ደቡብ አፍሪካ ከኳሱ ዓለም እንድትገለል አጥብቀው ታገሉ፣ በ1968 ዓ.ም. ፊፋ አባረራት። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ እዚሁ ድሬዳዋ መጣ። ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ሞሮኮና ዛየር ምድባቸውን የተጫወቱት በእኛ ከተማ ነው። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ በዚህ ሜዳ አልፋ ነው የሄደችው።

የማይስማሙባቸውም ነበሩ። የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መጉረፋቸው አይዋጥላቸውም ነበር፤ አህጉሩ የጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆኖ ይቀራል ብለው ይሰጋሉ። እኔ በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ልጅ ወጥቶ ካልተፈተነ እንዴት ያድጋል? ግን ሥጋታቸው ውስጥ ያለው ጥያቄ ትክክል ነው፦ ተሰጥኦውን እዚህ የሚያሳድገው ማነው?

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በካንሰር ሕመም አረፉ። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ዕለት ሄዱ። ከሠላሳ አንድ ዓመት መጥፋት በኋላ ኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በነፃይቱ ደቡብ አፍሪካ መሆኑን ቢያዩ ምን ይሰማቸው ነበር? በዚያ ውድድር በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል አገባን። በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በሦስት ጨዋታ ሁለት። በ1954 አራት ቡድን ብቻ ነበር፣ ሜዳውም የራሳችን ነው፣ ስለዚህ ማወዳደሩ ፍጹም ፍትሐዊ አይደለም። ቢሆንም ስድስት ጨዋታ ሦስት ጎል፣ ሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል፤ ቁጥሩ ዝም አያሰኝም።

እኛ ነገ የስፖርት ዜና የምንጽፍ ልጆች ቡድን ሲሸነፍ አጥቂ የለንም ብለን መጻፍ ይቀናናል። የአቶ ይድነቃቸው ሕይወት የሚያስተምረኝ ሌላ ነው። ከ1951 እስከ 1954 ዓ.ም. ባሉት ሦስት ዓመታት አዲስ ሕዝብ አልተወለደም። ልጆቹ ነበሩ፣ የተገኘው የሚያያቸው ሰው ነው። ሁርሶ አሸዋ ላይም ልጆቹ አሉ። ስለዚህ ዘገባችን ስንት ጎል ገባ ብሎ ከመቁጠር አልፎ አሠልጣኙ የት ነው ብሎ መጠየቅ አለበት።