የፊሊክስ ብሎኽ ሕይወት

በይፋት ቆላ እናቶቻችን ሲፈትሉ እንዝርቱ እየሾረ ራሱን ዘንበል አድርጎ ሲዞር አይተናል። በማግኔት መካከል የገባ የሃይድሮጂን አስኳልም እንዲሁ ይሾራል። ይህን በራዲዮ ሞገድ የመረመረው ፊሊክስ ብሎኽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. በዙሪክ ከእህል ነጋዴ ቤት ተወለደ። ምሕንድስና ጀምሮ በዓመቱ ወደ ፊዚክስ ዞረ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ፣ ብሎኽ አይሁዳዊ ነበርና በላይፕሲግ የነበረውን የማስተማር ሥራ ትቶ ወጣ፤ በ1934 ስታንፎርድ ገባ። እንዲህ ያለውን ሰው መግፋት ማንን እንደ ጠቀመ አንባቢ ይፍረድ።

በጦርነቱ ዘመን የጠላትን ራዳር በማሰናከል ሥራ ላይ ሳለ የቀሰመውን የራዲዮ ጥበብ፣ ሰላም ሲሆን ወደ ውኃ መለሰው፤ በ1946 ከውኃው አስኳሎች ምልክት ተቀበለ። ፐርሰልም በሃርቫርድ በሌላ መንገድ ደርሶበት ስለ ነበር የ1952 የኖቤል ሽልማት ለሁለቱ ተሰጠ።

ይሁን እንጂ ምልክቱ ከየትኛው ስፍራ እንደ መጣ አይለይም ነበር። በ1970ዎቹ ላውተርበርና ማንስፊልድ የማግኔቱ ኃይል ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ቀስ በቀስ እንዲበረታ አደረጉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ስፍራ እንደ ራዲዮ ጣቢያ የየራሱ ሞገድ ኖረው፤ ሞገዱ ተመርጦ የሚላክ አጭር የራዲዮ ምትም አንዱን የሰውነት ክፍል ብቻ ለይቶ ይቀሰቅሳል። ሐኪም ያለ ቢላዋ አንጎልን የሚያይበት ኤም አር አይ የሚሠራው በዚህ ነው። ብሎኽ በ1983 በዙሪክ ሲሞት መሣሪያው ወደ ሐኪም ቤቶች ገና መግባቱ ነበር።