የነርቭን መንገድ የፈለጉት ሊቅ

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ሙዝ ከመጠን በላይ ሲበስል፣ የእሸት ቡናም ልጣጭ ሲብላላ፣ ጥቃቅን ዝንቦች ይሰበሰቡበታል። እኛም በእጃችን ከማባረር በቀር ልብ ብለን አይተናቸው አናውቅም ነበር። ይህች የናቅናት ዝንብ አንድ ታላቅ ሊቅ ለጀመሩት ምርምር መልስ እንደሰጠች ስንሰማ ግን፣ የእኒህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል በ1852 ዓ.ም. በስፔን አገር ተወለዱ። በልጅነታቸው ከትምህርት ይልቅ ሥዕል ይወዱ ነበር። ሐኪሙ አባታቸው ሥዕልን እንደ ሥራ ፈትነት ስለቆጠሩት ሙያ እንዲማሩ ጫማ ሰፊ ዘንድ አስገቧቸው። በ1868 ግን አባትና ልጅ ከመቃብር ቦታ ዐፅም እየሰበሰቡ አብረው ማጥናት ጀመሩ፤ ልጁ አጥንቱን ሲሥሉ፣ የተናቀው ተሰጥዎ ለሕክምና የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ። በ1873 በሐኪምነት ተመረቁ። ከሠራዊት ጋር ወደ ኩባ ሄደውም በወባ ታመው ተመለሱ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ነርቮች ሁሉ እንደ መረብ የተያያዙ ናቸው ይሉ ነበር። ካኻል በማይክሮስኮፕ ያዩትን በእጃቸው እየሣሉ፣ እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ራሱን የቻለ መሆኑን በ1888 አስታወቁ። በ1890 ደግሞ በዶሮ ሽል ውስጥ የሚያድገውን የነርቭ ክር ጫፍ አገኙ፤ ጫፉም እንደ ዓይነ ስውር በትር እየዳሰሰ እንደሚሄድ አስተዋሉ። መንገዱን የሚያሳዩት ኬሚካዊ ንጥረ ነገሮች ናቸው ብለውም ገመቱ። በ1906 የኖቤልን ሽልማት ከጣሊያናዊው ጎልጂ ጋር ተካፈሉ፤ ጎልጂ ግን በዚያው በሽልማቱ ንግግር ሐሳባቸውን ተቃወሙ። ካኻል መሪዎቹን ንጥረ ነገሮች ሳያዩ በ1934 በማድሪድ ዐረፉ።

የፍራፍሬ ዝንብ በዐሥር ቀን ገደማ ትውልዷን ስለምትተካ ለዘር ምርምር ትመቻለች። በ1993 ተመራማሪዎች በሽሏ ውስጥ አንድ ጂን ሲበላሽ፣ የነርቭ ክሮች የአካልን መካከለኛ መስመር ደጋግመው እየተሻገሩ እንደሚዞሩ አዩ፤ ጂኑንም መኪና በሚዞርበት አደባባይ ስም ራውንድአባውት አሉት። በ1999 ደግሞ በመስመሩ ላይ ያሉ ሕዋሳት ስሊት የተባለ ፕሮቲን እንደሚያመነጩ፣ በክሩ ጫፍ ያለው የራውንድአባውት ፕሮቲን ይህን ሲያገኝም ክሩ እንደሚሸሽ ታወቀ። ተመሳሳይ ጂኖች በሰውም አሉ፤ ከነዚህ አንዱ የተበላሸበት ልጅ ዓይኖቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር እንደሚሳነው፣ አከርካሪውም እንደሚጎብጥ በ2004 ተረጋገጠ።

እንግዲህ ወላጆቻችን፣ በደብተራችን ጠርዝ የምንሥለውን ከመቅደዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተመልከቱልን። እኛም ዝንቧን ከማባረራችን በፊት አንድ ጊዜ እንመልከታት።