ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከተጫዋችነት እስከ አሠልጣኝነትና የአፍሪካ እግር ኳስ መሪነት

በኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣ ባለውለታዎች መካከል አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ይገኙበታል። የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረፁ ሰው ነበሩ። ልጅየው ግን ያደሩለት ጥሪ ሌላ ሆነ።

ይድነቃቸው አዲስ አበባ ውስጥ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስ የስፖርት ማኅበር የተቀላቀሉት ገና በወጣትነታቸው ነው። ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ መጣ። ወራሪው ኃይል በከተማው መኖሪያ፣ መዝናኛና አገልግሎት ላይ የዘረጋው የዘር ክፍፍል ወደ ኳስ ሜዳም ደረሰ፤ ኢትዮጵያውያን ከነጮቹ ቡድኖች ተነጥለው ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ። የኋላው ሥራቸው ሲመረመር፣ ይህ የወጣትነት ዘመን በአመለካከታቸው ላይ የጣለው አሻራ ቀላል እንዳልነበረ መረዳት ይቻላል።

ከነፃነት መመለስ በኋላ በአጥቂነት ታወቁ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ለ23 ዓመታት ያህል የተጫወቱ ሲሆን፣ በ365 ጨዋታዎች 318 ጎሎች እንዳስቆጠሩ ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድኑም ተሰልፈዋል። ከዚህ ጎን ለጎን ብሔራዊ የስፖርት አስተዳደር ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ በሥራው ተሳትፈዋል፤ የእግር ኳስን ሕግጋትም ወደ አማርኛ መልሰዋል። ሥራው ከጎሎቹ ያነሰ ዝና ያገኘ ቢሆንም ጠቀሜታው የላቀ ነበር ማለት ይቻላል፤ የውጭ ቋንቋ የማያውቅ ዳኛና ተጫዋች ሕጉን በራሱ አንብቦ እንዲከራከርበት አስችሏልና።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ሆኖም ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን ያቀላቀለ ቡድን ለማቅረብ ባለመፍቀዷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ውድድሩ በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ያኔ ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጡት በአብዛኛው የአዲስ አበባ፣ የአስመራና የድሬዳዋ ተጫዋቾች ስለነበሩ፣ እንደ ወረታና ፎገራ ላሉ አካባቢዎች ወጣቶች መድረኩ ሩቅ ነበር። ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት በተከበረ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀድሞው ዋንጫ ባለቤት ከግብፅ ቡድን ጋር ተገናኘች።

ጨዋታው ለአሠልጣኝ ልብ የሚከብድ ነበር። ግብፆች በመጀመሪያው አጋማሽ መሩ። ኢትዮጵያ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ብትሆንም በቀጣዩ ደቂቃ ሁለተኛ ጎል ገባባት። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው በማስቆጠራቸው ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ፤ አምበሉም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ እስከ አሁን ያገኘችው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ትግላቸው በአብዛኛው ወደ ስብሰባ አዳራሽ ዞረ። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ አልተሰጣትም ነበር፤ የአህጉሩ አሸናፊ እንደገና ከሌላ አህጉር ቡድን ጋር መጋጠም ነበረበት። የአፍሪካ አገሮች በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ከዓለም ዋንጫ መቅረት ለተጫዋቾቹ ከባድ ዋጋ ቢሆንም፣ አቶ ይድነቃቸው እርምጃውን በጽኑ ከደገፉት መሪዎች አንዱ ነበሩ። በቀጣዩ የ1962 ዓ.ም. ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ተሳተፈች። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ቦታው ወደ ሁለት ከፍ ብሎ አልጄሪያና ካሜሩን ቀረቡ።

አቶ ይድነቃቸው ኮንፌዴሬሽኑን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በየመድረኩ የአፓርታይድ ሥርዓት ያላት ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ስፖርት እንድትገለል ያለማቋረጥ ተከራከሩ። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ።

አቶ ይድነቃቸው በኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትነት ላይ እያሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ አፍሪካ እግር ኳስ የተመለሰችው የአፓርታይድ ሕጎች ከተሻሩ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ከአራት ዓመት በኋላም ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች አብረው የተሰለፉበት ቡድኗ በአገሩ ሜዳ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ።